በቤተ ሞቅሕ ስላለ ሐሩርና ቍር

ጌታችን በዳግም ምጽአቱ ሰውን ሁሉ በፊቱ አቁሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አስቀድሞ ተነግሮናል። የተራበን ስለ ማብላት፥ የተጠማን ስለ ማጠጣት፥ እንግዳን ስለ መቀበል፥ የታረዘን ስለ ማልበስ፥ የታመመን ስለ መጠየቅ፥ የታሰረን ስለ መጐብኘት እንደሚጠይቀን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ይሁን እንጂ ስድስቱን የምሕረት ሥራዎች ለየብቻ እየቈጠርን ስንማር አንድ ነገር ሳናስተውል እንቀራለን፤ ይኸውም በስድስተኛው ተራ የተጠራው እስረኛ የፊተኞቹን አምስቱን በአንድነት ተሸክሞ የሚገኝ መሆኑ ነው። እስረኛ ይራባል፥ ይጠማል፥ ይታረዛል፥ ይታመማል፤ ከአገሩ ርቆ የታሰረ እንደ ሆነ ደግሞ እንግዳ ነው።

ስለ እስረኞች ምግብና ልብስ በየጊዜው ይሰበካል። ምእመናንም በዓል በደረሰ ጊዜ ዳቦውንና ወጡን ይዘው ይሄዳሉ፤ ይህም የተመሰገነ ነው። እስረኛው ውሎ ስለሚያድርበት ቤት ሙቀትና ብርድ ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንጽፋለን። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነውና አስቀድመን እርሱን እንናገር።

እኛን ያስተማረን ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም፥ በየካቲት ወር፥ በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ወደሚገኝ አንድ እስር ቤት ለማስተማር ገብተን ነበር። የቤቱን ስም መጥራት ለትምህርታችን አያስፈልግም። ጊዜው ቀትር ነበር፤ ቤቱም ጣራው ቆርቆሮ፥ መስኮቱ ጠባብ፥ ሰዉም የተጨናነቀ ነበር። እኛ በበሩ ላይ ቆመን ስለ ትዕግሥት እናስተምር ጀመር።

በዚያን ጊዜ በዕድሜ ከእኛ የሚበልጡ አንድ አባት ያልተገናኘ ነገር ይናገሩ ጀመሩ፤ ወዲያውም ወደቁ። ሲጾሙ የዋሉ ናቸው፤ ውኃም አልቀመሱም። እኛ ግን ሕመማቸው የክፉ መንፈስ መስሎን መስቀላችንን አንሥተን ጸሎት ማድረስ ጀመርን፤ ሰዉም ዙሪያቸውን ከበበ። ከእስረኞቹ አንዱ፥ ቀድሞ በጤና ጣቢያ ያገለግል የነበረ ወጣት፥ ጀሪካን ውኃ ይዞ መጥቶ በራሳቸውና በደረታቸው ላይ አፈሰሰ፤ በነጠላውም ያራግብላቸው ጀመር። ከዚያም ወደ እኛ ቀና ብሎ፥ «አባታችን፥ ጸሎቱን አያቋርጡ፤ ነገር ግን ከበሩ ፈቀቅ ይበሉልን፥ ነፋስ ይግባላቸው» አለን።

ፈቀቅ አልን። ሽማግሌውም ጥቂት ቈይተው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ወደ ሐኪም ተወስደውም ዳኑ። እኛ ግን ያ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ስለ ትዕግሥት የምናስተምር እኛው ራሳችን ነፋስ የሚገባበትን በር ዘግተን ቆመን ነበርና። ጸሎትና ውኃ የተጣሉ አይደሉም፤ ያጣላናቸው የእኛ አለማወቅ ነው።

የቃሉ ትርጓሜና የመጻሕፍት ምስክርነት

በግእዝ ቋንቋ እስር ቤት ቤተ ሞቅሕ፥ እስረኛውም ሙቁሕ ይባላል። ሞቅሐ ማለት አሰረ ማለት ነው። ሞቀ ግን እንደ አማርኛው ሞቀ፥ ጋለ ማለት ነው። ሁለቱ በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ በዘር አንድ አይደሉም፤ ሆኖም የቅኔ ተማሪ ኅብር ሊያደርጋቸው ይችላል። በቆላ አገር ግን ሳይቀኙለት የታሰረውና የሞቀው አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ሐሩርና ቍር በተፈጥሯቸው ክፉዎች አይደሉም። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት መካከል ሆነው ባቀረቡት ምስጋና ቍርንና ሐሩርን ፈጣሪያቸውን እንዲያመሰግኑ ጠርተዋቸዋል። ጉዳት የሚመጣው ሰው ከመጠናቸው በላይ ሲደርሱበት፥ ከእነርሱም የሚሸሽበት ስፍራ ሲያጣ ነው። በሜዳ ያለ ሰው ፀሐይ ሲበረታበት ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ ሲበርደው እሳት ያነድዳል። እስረኛ ግን መሄድም ማንደድም አይችልም። የእስረኛ ሐሩር ከሌላው ሰው ሐሩር የሚለይበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሐሩር ሰውን የሚጥል መሆኑን መጻሕፍት ያስረዱናል። በመጽሐፈ ዮዲት እንደምናነበው የዮዲት ባል ምናሴ የሞተው በገብስ አጨዳ ጊዜ ነዶ የሚያስሩትን ሲቈጣጠር የፀሐይ ትኩሳት ራሱን ስለ መታው ነው። ነቢዩ ዮናስም ቅሉ በደረቀችበትና ትኩስ ነፋስ በነፈሰበት ቀን ራሱን ስቶ ሞትን እስከ መለመን ደርሷል። ምናሴ ባለጠጋ ነበረ፥ ዮናስም ነቢይ ነበረ፤ ሐሩር ግን ሀብትም ማዕርግም አልለየም።

ስለ ቍርም ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክራል። በሮም በእስር ሳለ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ በጢሮአዳ በአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ለምኗል፤ ደግሞም ክረምት ሳይገባ እንዲመጣ አስቸኵሎታል። የዓለም ብርሃን የተባለ ሐዋርያ ሞቱን እየጠበቀ በርኖስ መለመኑን ያስተዋለ ሰው የእስረኛን ብርድ እንደ ቀላል ነገር አይቈጥረውም።

ሐሩር ሰውነትን እንዴት እንደሚጐዳ

ፈጣሪ የሰውን ሰውነት በ37 ዲግሪ ገደማ ሙቀት እንዲኖር አድርጎ ሠርቶታል። ሙቀቱ ከዚህ ከፍ እንዳይል ላብን መድኃኒት አድርጎ ሰጥቶታል። ላብ ከቆዳ ላይ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። ነገር ግን አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ፥ ነፋስም የሌለበት እንደ ሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም፤ ያልደረቀ ላብም አያበርድም። ስለዚህ በደረቅ አገር የሚቻለው ሙቀት በእርጥብ አገር አይቻልም።

ከዚህም ሌላ ሰው ራሱ ምድጃ ነው። አንድ ሰው ሳይሠራ ዐርፎ ቢቀመጥ እንኳ 100 ዋት የሚባለውን የኤሌክትሪክ አምፑል ያህል ሙቀት ከሰውነቱ ይወጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ሰው ቢተኛ 40 እንዲህ ያለ አምፑል ሌሊቱን ሙሉ በራ ማለት ነው። በዚያ ላይ እስትንፋሳቸውና ላባቸው አየሩን ያረጥበዋል። በቀን ፀሐይ የመታው ቆርቆሮና ግድግዳም ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይሰጣል።

በዚህ ጊዜ የሚታየው ምልክት አስቀድሞ ራስ ምታት፥ ብዙ ላብ፥ የጡንቻ ቍርጠት፥ ማዞርና ማስመለስ ነው። እዚህ ላይ ካልተረዳ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ቆዳው ይግላል፥ አእምሮው ይታወካል፥ ያልተገናኘ ነገር ይናገራል፥ ይወድቃል። ሐኪሞች ይህን ፈጥኖ የሚገድል ድንገተኛ ሕመም ይሉታል። ካህናት ሆይ፥ ይህን ምልክት ልብ በሉ፤ እኛ የክፉ መንፈስ ሥራ ያልነው ይህን ነበርና።

ይልቁንም የሚጐዱት ሽማግሌዎች፥ ነፍሰ ጡሮች፥ ከእናቶቻቸው ጋር በእስር ቤት የሚያድጉ ሕፃናት፥ የልብ፥ የኵላሊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው ናቸው። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሰውነት ራሱን የሚያበርድበትን ኃይል ስለሚቀንሱ እነዚያን የሚወስዱ እስረኞች ከሁሉ ይልቅ ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል።

የቡናው አገርና የቡናው ትምህርት

ሚዛን ተፈሪ፥ ዛሬ ከአማን ጋር ተያይዛ ሚዛን አማን የምትባለው ከተማ፥ ከባሕር ወለል 1450 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ቴፒ ከእርሷ ዝቅ ያለችና ይበልጥ የምትሞቅ ናት። አገሩ ዝናም የማያጣው፥ ደኑ የጠና፥ አየሩም እርጥብ ነው። በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት በጥላ ሥር 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ልክ በሜዳ ለሚሄድ ሰው የሚቻል ነው፤ በተጨናነቀ የቆርቆሮ ቤት ግን የውስጡ ከውጭው ይብሳል። በዚያ ላይ አገሩ የወባ አገር ነውና እስረኛው በሁለት ክፉ ነገር መካከል ይጨነቃል፤ በአጎበር ቢከለል ሙቀቱ ያፍነዋል፥ አጎበሩን ቢገልጥ ትንኝ ይነድፈዋል።

በዚያ አገር የሚኖር ገበሬ ግን ለዚህ ነገር መፍትሔውን ያውቃል፤ ለቡናው ያደርገዋልና። ቡና ብርቱ ፀሐይ እንዳያገኘው በዋንዛ፥ በብሳናና በሰሳ ጥላ ሥር ያሳድገዋል። ታጥቦ የሚደርቀውን ቡና በመሬት ላይ አያሰጣውም፤ ነፋስ ከበታች እንዲገባለት ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ያደርገዋል፤ በቀትርም ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ይሸፍነዋል። በጆንያ ከገባ በኋላም እርጥበት እንዳያበላሸው በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ፥ ነፋስ በሚገባበት መጋዘን ያኖረዋል።

ለቡና ጥላ፥ ለቡና አልጋ፥ ለቡና ነፋስ የተገኘበት አገር ለእስረኛው እንዴት ያጣል? ቡና የሚጠበቀው ዋጋ ስላለው ነው እንላለን። በክርስቶስ ደም የተገዛ ሰው ዋጋው ስንት ይሆን? ይህን የምንጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ በበሩ ቆመን የነበርነውን እኛንም ይመለከታል።

ስለ ቍር

ከቴፒ ተነሥቶ በዚያው በሸካ ምድር ወደ ማሻ የወጣ ሰው ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ራሱን ያገኘዋል። እንግዲህ በአንድ ዞን ውስጥ ሐሩርም ቍርም አለ። በቆላ የተያዘ ሰው በለበሰው ስስ ልብስ ወደ ደጋ ሊወሰድ፥ ደገኛውም ወደ ቆላ ሊወርድ ይችላል።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ይንቀጠቀጣል፥ ምላሱ ይተሳሰራል፥ ልቡም ይደክማል። ይህ የሚሆነው በበረዶ አገር ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ልብስ፥ ቀዝቃዛ ሲሚንቶና ባዶ ሆድ ከተገናኙ በእኛ ክረምትም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቀዝቃዛ ወራት ባሉበት አገር የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ መክሯል። ቍር የሳንባ ሕመምንም ያባብሳል። ደግሞም የበረደው ሰው ልብሱን ለማጠብ አያወልቅም፥ ከጓደኛውም ጋር ተጣብቆ ይተኛል፤ በዚህም ቅማል ይበዛል፥ ግርሻና ተስቦም ይከተላሉ። ቍር ሰውን በብርዱ ብቻ ሳይሆን እንደዚህ በተዘዋዋሪ መንገድም ይገድላል።

ከታሪክና ከሌላው ዓለም

የአየር ጠባይ የእስራት ጓደኛ ሲሆን ምን እንደሚያደርስ አገራችን በመራራ ሁኔታ አይታዋለች። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ብዙ ኢትዮጵያውያንን ከደጋ አገራቸው ነቅለው በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ወዳለችው ኖክራና በሶማሊያ ጠረፍ ወዳለው ደናኔ አግዘዋቸዋል። በዚያም ሐሩሩ፥ መጥፎው ውኃ፥ ወባውና ተቅማጡ ተባብረው ፈጇቸው። ከደናኔ እስረኞች አንዱ ከጦርነቱ በኋላ በመሐላ በሰጡት ቃል በዚያ ከታሰሩት 6500 ሰዎች 3175ቱ እንደ ሞቱ መስክረዋል። እነዚህ ሰዎች በሞት ፍርድ የተላኩ አልነበሩም፤ የተላኩት ለግዞት ነበር።

ይህ ነገር ድሀ አገርን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ብዙ እስር ቤቶች ማቀዝቀዣ የላቸውም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ2001 እስከ 2019 በእነዚህ ቤቶች ከደረሰው ሞት 271ዱ ከብርቱ ሙቀት የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አንድ የፌዴራል ዳኛ እስረኞችን በእንዲህ ያለ ሙቀት ማኖር ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር የሚቃረን መሆኑን ገልጧል፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣው ወዲያው እንዲገባ አላዘዘም። እንግዲህ ባለጠጋ አገር እንኳ አሳብ ካላደረገ እስረኛው ይሞታል።

ስለ መብትና ስለ ፍርድ

አንዳንድ ሰዎች፥ «ወንጀል ሠርተው ለታሰሩ ሰዎች ምን ምቾት ይፈለግላቸዋል?» ይላሉ። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ከታሰሩት ብዙዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። ሁለተኛ፥ የተፈረደበትም ቢሆን ዳኛ የፈረደበት ዓመት ተቈጥሮ በመዝገብ ተጽፏል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ኵላሊቱ ይድረቅ፥ ሳንባው ይታመም የሚል ቃል የለም። ዳኛ ያልጨመረውን ቅጣት ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሊጨምሩ አይገባም።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በወጣው በ21ኛው አንቀጽ የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው በተጠበቀበት ሁኔታ እንዲያዙ፥ ከቤተ ሰቦቻቸው፥ ከሐኪሞቻቸውና ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸውም ጋር እንዲገናኙ መብት ሰጥቷቸዋል። ካህን ወደ እስር ቤት የሚገባው በሕግ በታወቀ መብት ነው ማለት ነው። መንግሥታትም በ1947 ዓ.ም. በጄኔቭ የተዘጋጀውን የእስረኞች አያያዝ ደንብ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አሻሽለው የማንዴላ ደንቦች ብለው ሰይመውታል። በ13ኛው ደንብ እስረኞች የሚያድሩበት ቤት የአገሩን አየር ጠባይ፥ የአየሩን ስፋት፥ ብርሃኑን፥ ሙቀቱንና የነፋስ መግቢያውን ያገናዘበ እንዲሆን ታዝዟል።

የኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ምሳሌ

እኛ ግን ከዚህ ሁሉ ደንብ አስቀድሞ የራሳችን ወገን የሆነ መምህር አለን። በትንቢተ ኤርምያስ በ38ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ነቢዩ ኤርምያስ ውኃ በሌለበት፥ ጭቃ በሞላበት ጕድጓድ ተጥሎ ነበር። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ይህን በሰማ ጊዜ ወደ ንጉሡ ሄዶ በግልጥ ነገረው፤ ፈቃድም ተቀብሎ ሠላሳ ሰዎች ይዞ ሄደ። ገመዱን ከመጣሉ በፊት ግን አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ፥ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ከሥሩ እንዲያደርገው ለነቢዩ ሰጠው።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንመልከት። አንደኛ፥ አቤሜሌክ በስውር አላጕረመረመም፤ ወደሚገባው ባለ ሥልጣን ሄዶ ተናገረ። ሁለተኛ፥ የእስረኛውን ብብት እንኳ አሰበ፤ ምሕረት ጥቃቅኑን ነገር ታያለችና። ሦስተኛ፥ ኤርምያስ ከጕድጓድ ከወጣ በኋላ በግዞት ቤት አደባባይ ተቀመጠ፤ ማለት እስረኛነቱ ገና አልቀረለትም። አቤሜሌክ ያደረገው ፍርዱን መፍታት አይደለም፤ ስፍራውን መለወጥ ነው። ከእኛም የሚፈለገው ይህ ነው። የፍርዱን ነገር ለዳኞች እንተውላቸው፤ ጭቃውንና ሐሩሩን ማራቅ ግን የሁላችን ድርሻ ነው።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ለካህናት ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው በቆላ አገር ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ነው። ሥርዓታችን ሕመምተኛን በጾም አያስጨንቅም። ስለዚህ የነፍስ አባት የሆነ ሁሉ በእስር ያሉ የንስሐ ልጆቹን ጤንነት ይጠይቅ፤ ሽማግሌውን፥ ነፍሰ ጡሯን፥ መድኃኒት የሚወስደውን በቀትር ውኃ እንዲጠጡ በሥልጣኑ ይፍቀድላቸው። ይህን የምንለው ጾምን ለማቃለል አይደለም። እስረኛ ራሱ አባቱን ካልፈቀደለት በጥም እስኪወድቅ ይጾማልና፥ ሸክሙን ማቅለል የካህኑ ፈንታ ነው። ትምህርትም በቀትር በተዘጋ ክፍል አይሁን፤ በማለዳ ወይም በግቢው ጥላ ሥር ይሁን።

ሁለተኛው ለሁላችን ነው። በሐሩር የወደቀ ሰው ቢያጋጥም ሰዉን ከዙሪያው እናርቅ፤ ወደ ጥላ እናውጣው፤ ልብሱን እናላላ፤ ሰውነቱን በውኃ እያራስን እናራግብለት፤ በአንገቱ፥ በብብቱና በብሽሽቱ እርጥብ ጨርቅ እናድርግ፤ ፈጥነንም ሐኪም እንጥራ። አእምሮው ያልተመለሰለትን ሰው ውኃ እናጠጣ ብንል ያንቀዋልና አይገባም። ጸሎቱ ከዚህ ሁሉ ጋር ይሁን።

ሦስተኛው ለሰበካ ጉባኤያትና ለማኅበራት ነው። የቅዱስ ገብርኤል ሁለቱ ታላላቅ በዓላት ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ታኅሣሥ 19 ቀን መልአኩ ወደ እቶኑ ወርዶ ሠለስቱ ደቂቅን ያዳነበትን እናከብራለን፤ መጽሐፍም መልአኩ በእሳቱ መካከል የጠል ነፋስ እንዳደረገላቸው ይናገራል። ለታሰሩ ሰዎች ነፋስ ማስገባት የመልአክ ሥራ ነው ማለት ነው። ይህ በዓል የሚውለው የቆላው ሙቀት ሳይበረታ ነውና በዚያ ጊዜ ከእስር ቤቱ አስተዳደር ጋር ተማክረን የውኃ ማጠራቀሚያና የመጠጫ ዕቃ፥ ለጣራው ኮርኒስ ወይም ነጭ ቀለም፥ ለግቢውም ጥላ የሚሆን የዛፍ ችግኝ እናቅርብ። ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ የፀሐይን ሙቀት እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ቂርቆስና ኢየሉጣ ከፈላው ጋን የዳኑበት በዓል ነው፤ ጊዜውም የክረምት ብርድ ነው። በዚያን ዕለት ብርድ ልብስ፥ ጋቢ፥ ሰሌንና ፍራሽ፥ የልብስ ሳሙናም ይዘን እንሂድ። የጳውሎስ በርኖስ የተለመነው ክረምት ሳይገባ ነበርና ዝግጅቱ ከግንቦት ቢጀመር ይሻላል።

በተረፈ ባሮክ እንደምናነበው ያ አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ ፀሐይ በርትታበት በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ አለ፤ እግዚአብሔርም ኢየሩሳሌም ስትጠፋ እንዳያይ በዚያ ጥላ 66 ዓመት አስተኝቶ ጠበቀው፤ በለሱም እንደ ተቈረጠ አልጠወለገም ነበር። እስረኛውን ከጭቃ ላወጣ ሰው እግዚአብሔር ጥላ ከፈለው። እኛም በዚያች በምትጠየቀው ቀን ጥላ የምንሻ ነንና፥ ዛሬ ከበሩ ፈቀቅ እንበል፤ ነፋስ ይግባላቸው።

የታሰሩትን የሚፈታ አምላክ ለእነርሱ ትዕግሥትን፥ ለእኛ ማስተዋልን ያድለን። አሜን።